ከአምስት ጫማው መስመር ውጪ፦ የወታደራዊ ግንባታ ወጪ እንዴት ይገመታል? እንዴትስ ይገታል?

በሰሜን ቨርጂኒያ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና የግንባታ ተቋራጮች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ። ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

እንድናገር የተጋበዝሁበት ርዕስ የወታደራዊ ግንባታ ወጪ አገማመትና ቁጥጥር ነው። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና፣ ርዕሱን ሳነበው እኔንም አዛጋኝ። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ኤሌክትሪክ የምትዘረጉ፣ አርማታ የምትሞሉ፣ ቧንቧ የምትገጥሙ፣ ትንሽ ድርጅት አቋቁማችሁ ሰው የቀጠራችሁ አላችሁ። ዙሪያችን ደግሞ የጦር ሠፈር ነው። ፎርት ቤልቮር አጠገባችን፣ ኳንቲኮ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ፔንታጎን ከመሐል። ጨረታው በየጊዜው ይወጣል፤ በዋና ተቋራጭነት ባይሆን በንዑስ ተቋራጭነት የሚገባበት በር ብዙ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ወደሚፈስበት ቀዳዳ በቀጥታ ልውሰዳችሁ።

የማምነው አንድ ነገር ነው። ግምት ሲስት ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ነጠላ ዋጋ፣ ማለትም ለአንድ መለኪያ ወደሚከፈለው ዋጋ ነው፤ ሲሚንቶ ጨመረ፣ ፌሮ ተወደደ፣ የግንበኛ የሰዓት ክፍያ ከፍ አለ እንላለን። በወታደራዊ ግንባታ ግን ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በግምቱ ሠንጠረዥ ላይ ዋጋው የተሳሳተ መስመር ሳይሆን ከነጭራሹ ያልተጻፈ መስመር ነው። ዋጋ ቢሳሳት በመቶ አምስት ወይም በመቶ አሥር ይስታል። የተረሳ ነገር ግን መቶ በመቶ ነው የሚስተው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙዎቻችሁ ከኮሎምቢያ ፓይክ ተነሥታችሁ ወደ ዋሽንግተን ስትሻገሩ የምታልፉትን ሕንፃ፣ ፔንታጎንን እንውሰድ።

ብርጋዴር ጄኔራል ብሬሆን ሶመርቬል በ1941 የጦሩ ግንባታ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ሐሙስ ጁላይ 17 ቀን አርክቴክቱን ጆርጅ በርግስትሮምንና መሐንዲሱን ሌተና ኮሎኔል ሂዩ ኬሲን ጠሩና፣ 40,000 ሰው የሚሠራበት፣ ከአራት ፎቅ የማይበልጥ፣ አሳንሰር የሌለው የቢሮ ሕንፃ መነሻ ንድፍ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንዲደርሳቸው አዘዙ። ሁለቱ ሰዎች ቅዳሜን እሑድን ሳይሉ ሠርተው ሰኞ አደረሱ። ስፋቱ 5.1 ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ፣ በእኛ ልኬት 474,000 ካሬ ሜትር ገደማ ሆነ። የተጠየቀው ገንዘብ 35 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኮንግረስም ይህንኑ ፈቀደ፤ በኦገስት መጨረሻ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ፈረሙበት።

ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ሲፈቀድ የታሰበው ቦታ አርሊንግተን ፋርም የሚባለው ከፍ ያለ መሬት ነበር። ሕንፃው አምስት ማዕዘን የሆነውም ያንን መሬት የከበቡት መንገዶች ቅርጹን ስለወሰኑት ነው። ነገር ግን ከአርሊንግተን መካነ መቃብር ወደ ዋና ከተማው ያለው ዕይታ ይጋረዳል የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ፕሬዝዳንቱ ራሳቸው ሄደው አዩና ሕንፃው ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ፣ ወደ አሮጌው ሁቨር አውሮፕላን ማረፊያ ዝቅ እንዲል አዘዙ። ቅርጹ አብሮ ወረደ። ግምቱም ሳይለወጥ አብሮ ወረደ። አፈሩ ግን ሌላ አፈር ነበር፤ ረግረግና ሙሌት መሬት። ሕንፃው ዛሬ የቆመው በ41,492 የአርማታ ፓይሎች፣ ማለትም ወደ መሬት ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ነው። መሬቱን ለማስተካከል 5.5 ሚሊዮን ኪዩቢክ ያርድ አፈር ተንቀሳቅሷል። ከመካከላችሁ የመሠረት ሥራ የሠራችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በሐሙስና በሰኞ መካከል ለተሠራው ግምት ይህ አፈር እንግዳ ነበር።

ውሉ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1941 ተፈረመ፤ ዋናው ተቋራጭ የፊላደልፊያው ጆን ማክሼይን ነበሩ፤ በውሉ የተቀመጠው የሥራ ግምት 31.1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቁፋሮው በዚያው ዕለት ተጀመረ። ሥራውን በጦሩ በኩል በበላይነት የተቆጣጠሩት ደግሞ በኋላ የአቶሚክ ቦምቡን ፕሮጀክት የመሩት ሌስሊ ግሮቭስ ነበሩ። ንድፉ ገና አላለቀም፤ አርክቴክቶቹ እየሳሉ ሠራተኛው ይገነባ ነበር። አንዱ ንድፍ ሠሪ ለሦስተኛው ፎቅ ቢም ምን ያህል ውፍረት ልስጠው ብሎ ሲጠይቅ፣ ባልደረባው እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ ትናንት ሞልተውታል ብሎ መለሰለት እየተባለ ይወራል። በኤፕሪል 1942 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ገቡ፤ ጃንዋሪ 15 ቀን 1943 ሥራው ተጠናቀቀ። አሥራ ስድስት ወር! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ሶመርቬል ግን አፍስሰው ሳይለቅሙ አለፉ፤ ጦርነት ስለነበር የሚያስለቅማቸው አልተገኘም።

የመጨረሻው ሒሳብ 83 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ከሚሺጋን የተመረጡት የምክር ቤት አባል አልበርት ኤንግል አጥብቀው ተቃወሙ፤ የወጪው ነገር ለዓመታት አነጋገረ። ከ35 ወደ 83! በእጥፍ ከእጥፍም በላይ። ለዓይን የሚታየው ነገር፣ ገማቾቹ ዋጋ አላወቁም የሚል ነው። እስቲ ቁጥሩን ገለጥ አድርገን እንየው።

ከ83 ሚሊዮኑ ውስጥ ሕንፃው ራሱ የወሰደው 49.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። የተሠራው ስፋት ደግሞ 6.6 ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ ነው፤ 616,000 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። መጀመሪያ የተጠየቀውን 35 ሚሊዮን በሙሉ ለሕንፃው ብቻ ነበር ብለን ብንወስድ እንኳ፣ ግምቱ ለአንድ ካሬ ሜትር 74 ዶላር ይመጣል። የወጣው 80 ዶላር ነው። ልዩነቱ ዘጠኝ በመቶ ገደማ። ፐርል ሃርበር በሥራው መካከል ተደብድቦ፣ ብረት በራሽን ሆኖ፣ ሌሊት በመብራት እየተሠራ፣ ረግረግ ላይ እየተተከለ፣ ነጠላ ዋጋው የሳተው ዘጠኝ በመቶ ብቻ ነው! እንደ ገማች ባርኔጣዬን ነው የማነሣላቸው።

ታዲያ 48 ሚሊዮኑ ጭማሪ ከየት መጣ? ነጠላ ዋጋው ያመጣው 4 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሕንፃው እየተሠራ በመስፋቱ፣ ፎቅ በመጨመሩ የመጣው 10 ሚሊዮን ተኩል ነው። የቀረው 33.4 ሚሊዮን ሕንፃ አይደለም። መንገድ ነው፤ 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር መንገድ። ድልድይና ተሻጋሪ መንገድ ነው፤ 21 ተሠርቷል። 67 ኤከር የመኪና ማቆሚያ ነው። የማሞቂያና የኃይል ማመንጫ፣ የፍሳሽ መስመር ነው። አርባ ሺህ ሰው በአንድ ጠዋት ወደ አንድ በር የሚመጣ ከሆነ መንገድ ያስፈልገዋል። ይህንን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን እንኳ አያሻም። ግን ሐሙስ የተጠየቀው ሕንፃ ነበር፣ ሰኞ የቀረበውም ሕንፃ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ቤት ያሠራ ሰው ይህንን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ለቤቱ ያለውን ገንዘብ ጨርሶ ቁልፍ ሊረከብ ሲል አጥሩ፣ ሴፕቲክ ታንኩ፣ ከዋናው መስመር የሚሳበው ውኃ፣ የቆጣሪው ገንዘብ፣ የጊቢው ንጣፍ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

ስለዚሁ መንገድ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ለመንገዱ ቦታ ሲፈለግ በ1942 ኩዊን ሲቲ የሚባል የጥቁሮች ሠፈር ፈርሷል፤ ከባርነት የወጡ ቤተሰቦች ተወላጆች የሠሩት፣ ዘጠኝ መቶ ያህል ሰው የሚኖርበት መንደር ነበር። የተሰጣቸው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። እነዚያ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ በ83 ሚሊዮኑ ውስጥ የለም። በቨርጂኒያ የዘር መለያየት ሕግ ምክንያት የመጸዳጃ ቤቶቹ ቁጥርም ለነጭና ለጥቁር ተብሎ በእጥፍ ታቅዶ ነበር፤ መለያው ጽሑፍ ሳይለጠፍ ቀረ እንጂ ቧንቧውና ገበታው በሒሳቡ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ወደ ዛሬው አሠራር ልምጣ። የአሜሪካ መከላከያ ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ የተማረው ነገር ካለ ቅጽ 1391 ላይ ሰፍሮ ታገኙታላችሁ። አንድ የጦር ሠፈር ሕንፃ ሲፈልግ ለኮንግረስ የሚቀርበው ይህ ቅጽ ነው። ፕሮጀክቱ ምንድን ነው፣ ለምን አስፈለገ፣ ባይሠራ ምን ይሆናል፣ ስንት ያወጣል? ይህን ሁሉ በጥቂት ገጾች ይመልሳል። የወጪውን ሠንጠረዥ ስታዩ በሁለት የተከፈለ ነው። ላይኛው ዋናው ሕንፃ ነው። ታችኛው ደጋፊ ሥራዎች ይባላል። መለያው ከሕንፃው ግድግዳ አምስት ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ርቆ የሚሰመር የሐሳብ መስመር ነው። ከመስመሩ ውስጥ ያለው ቧንቧ የሕንፃው ነው፤ መስመሩን ተሻግሮ የሚቀጥለው ያው ቧንቧ የደጋፊ ሥራ ነው።

ይህ መስመር የቢሮ ሰው ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ላይኛው ክፍል የሚገመተው በቀላሉ ነው፤ መከላከያ በየጊዜው የሚያወጣው የዋጋ መመሪያ አለ፤ የወታደር ማደሪያ ከሆነ ለካሬ ሜትር ይህን ያህል፣ መጋዘን ከሆነ ይህን ያህል ይላል፤ ስፋቱን ታባዛላችሁ። ለታችኛው ክፍል ግን እንዲህ ያለ ብዜት የለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ከየት ይመጣል? የቅርቡ ትራንስፎርመር ትርፍ ጉልበት አለው? የዝናብ ውኃው ወዴት ይሄዳል? ቀድሞ እዚያ የነበረው አሮጌ ሕንፃ ይፈርሳል? አስቤስቶስ አለበት? መልሱ ያለው በቦታው ላይ ነው። ሄዶ ያላየ ገማች ከላይኛው ክፍል ላይ በመቶኛ አስልቶ ይጽፈዋል። እኔ ቅጽ 1391 ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማነበው ታችኛውን ክፍል ነው፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ድፍን ከሆኑ ቦታው አልታየም።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንስጠው። ዋናው ሕንፃ 20 ሚሊዮን ዶላር፣ ደጋፊ ሥራው 6 ሚሊዮን ይሁን። ድምሩ 26 ሚሊዮን። በዚህ ላይ ለአዲስ ግንባታ የተለመደው መጠባበቂያ 5 በመቶ ሲጨመር 27.3 ሚሊዮን ይሆናል። ከዚያ ሥራውን የሚያስተዳድረው የጦር መሐንዲሶች ክፍል ለክትትልና ለቁጥጥር የሚወስደው አለ፤ በአሜሪካ ውስጥ 5.7 በመቶ ሲሠራበት ኖሯል፤ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። 29 ሚሊዮን ተጠጋ። አሁን መጠባበቂያውን ተመልከቱት፤ 1.3 ሚሊዮን ብቻ። መሬቱ ለስላሳ ሆኖ ፓይል ቢያስፈልግ፣ ወይም ትራንስፎርመሩ መቀየር ቢኖርበት፣ አንዱ ብቻውን ይበላዋል። መጠባበቂያ የተቀመጠው ለማይታወቀው ነው፤ ሊታወቅ ሲችል ለተዘለለው አይበቃም።

በዚህ ላይ ሁለት ማባዣዎች ይመጣሉ። አንዱ የአካባቢ ማባዣ ነው፤ ያው ሕንፃ ቨርጂኒያ ላይ፣ አላስካ ላይና በፓሲፊክ መሐል ባለችው ክዋጃሊን ደሴት ላይ አንድ ዓይነት ዋጋ አያወጣም፤ ለየቦታው የተቀመጠ ቁጥር አለ። ሁለተኛው የጊዜ ማባዣ ነው። ግምቱ ዛሬ ይሠራል፣ ኮንግረስ ከዓመታት በኋላ ይፈቅዳል፣ ገንዘቡ አምስት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ዋጋው የሚሰላው ግንባታው እኩሌታ ላይ ሲደርስ በሚኖረው ዋጋ ነው። ይህ በደህና ጊዜ ይሠራል። ከኮቪድ በኋላ ግን ብረትና እንጨት ሲያሻቅብ በቀደመው ዋጋ የተፈቀዱ ፕሮጀክቶች ጨረታ ሲከፈት ከበጀታቸው በላይ እየሆኑ መጡ፤ ኮንግረስም ማሟያ ገንዘብ ለመጨመር ተገደደ። ይህ ነጠላ ዋጋ በእርግጥ ጥፋት ያደረሰበት ጊዜ ነው፤ ደንቡን ያፈረሰ ልዩ ሁኔታ ነው ማለት እንችላለን።

ወታደራዊ ግንባታን ከሲቪሉ የሚለየው ሌላው ነገር የጥቃት መከላከያ መስፈርት ነው። በ1996 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ኮባር ታወርስ በቦምብ ተመትቶ 19 አሜሪካውያን ወታደሮች ከሞቱ በኋላ መስፈርቱ ጠበቀ። ሕንፃው ከመንገድና ከመኪና ማቆሚያ ይርቃል፤ መስኮቱ ተሰባሪ አይሆንም፤ መዋቅሩ አንድ ዓምድ ቢወድቅ እንዳይደረመስ ተደርጎ ይሠራል። መራቅ ሲባል ቦታ ይሰፋል፤ ቦታ ሲሰፋ ቧንቧው ይረዝማል፤ መንገዱ ይረዝማል። ይኸው ደግሞ ከአምስት ጫማው መስመር ውጪ ወጣን!

እዚህ ላይ ወጪን መቆጣጠርና ወጪን መቁረጥ አንድ ነው ብለው ከሚያስቡ ሰዎች ጋር እጣላለሁ። ፔንታጎንን ያሠሩት ሰዎች በብረት ምትክ አርማታ፣ በአሳንሰር ምትክ ተዳፋት መተላለፊያ በመጠቀም ለጦር መርከብ የሚሆን ብረት አትርፈዋል፤ ይህ ብልህ ቁጠባ ነበር። ነገር ግን ከአምሳ ዓመት በኋላ ሕንፃው የእሳት ማጥፊያ መርጫ የሌለው፣ አስቤስቶስ የሞላበት፣ ሽቦውና ቧንቧው ያረጀ ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ የተጀመረው እድሳት በ2011 ሲያልቅ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አውሮፕላኑ የመታው ክንፍ እድሳቱ ሊጠናቀቅ ጥቂት የቀረው የመጀመሪያው ክፍል ነበር፤ ፍንዳታ የሚችሉ መስኮቶች፣ የብረት ማጠናከሪያና የእሳት መርጫ ገብቶለታል። የተመታው ክፍል ወዲያው አልተደረመሰም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሟል፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ሰው ወጥቷል። እነዚያ መስኮቶች በሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ ሲታዩ በቀላሉ የሚሰረዝ መስመር ናቸው።

ስለ ቁጥጥሩ ደግሞ ባጭሩ። የውሉ ዓይነት ወሳኝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ሰፈሮች የተሠሩት ተቋራጩ ያወጣው ተከፍሎት በላዩ መቶኛ በሚጨመርበት ውል ነበር። ብዙ ባወጣ ቁጥር ብዙ ያገኛል፤ ማን ይቆጥባል? ቅሌቱ ሲበዛ በሁለተኛው ጦርነት ትርፉ ቁርጥ ሆኖ ወጪው ብቻ እንዲተካ ተደረገ፤ ፔንታጎንም የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። እሱም ቢሆን ከጣጣ አልዳነም። በ1940 መገባደጃ በችኮላ የተጀመሩት የማሠልጠኛ ሰፈሮች፣ ብዙዎቹ ቦታቸው ሳይመረጥ የተገመቱ ነበሩና፣ በጭቃ ተዘፍቀው ገንዘብ ሲውጡ ሴናተር ሃሪ ትሩማን በራሳቸው መኪና እየዞሩ አዩ። በማርች 1941 የተቋቋመው መርማሪ ኮሚቴያቸው የተመደበለት መጀመሪያ 15,000 ዶላር ብቻ ነበር። ያ ኮሚቴ ያልታወቁትን ሴናተር ስመ ጥር አደረጋቸው፤ ከዚያ ምክትል ፕሬዝዳንት፣ ከዚያ ፕሬዝዳንት። የግንባታ ሒሳብ መመርመር ያን ያህል ያደርሳል ለማለት አይደለም፤ ለትሩማን ግን አደረሰ።

ዛሬ አብዛኛው ወታደራዊ ግንባታ በቁርጥ ዋጋ ነው የሚሰጠው። ወጪው ከተፈቀደው በ25 በመቶ ከበለጠ ለኮንግረስ ማሳወቅ ግድ ነው፤ ስፋቱንም እንደ ፔንታጎን እየሠሩ ማሳደግ አይቻልም። ለዚህ ነው የጨረታ ሰነድ ስታወጡ መሠረታዊ ሥራና ተጨማሪ አማራጮች ተለያይተው የምታገኙት። መሠረታዊው ሕንፃው ነው፤ አማራጭ አንድ የመኪና ማቆሚያው ጥላ፣ አማራጭ ሁለት የውጪው መብራት ይሆናል። ገንዘቡ እስከሚበቃ ድረስ በቅደም ተከተል ይሰጣል። ስለዚህ ለአማራጩ የምትሰጡትን ዋጋ እንደ ትርፍ ነገር አትዩት፤ ብዙ ጊዜ አሸናፊው የሚለየው እዚያ ነው።

ለእናንተ የሚጠቅም፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በፌዴራል የግንባታ ውል ውስጥ የተሻለ ዘዴ አቅርቦ ወጪ የሚቀንስ ተቋራጭ ከተረፈው ይካፈላል። በቁርጥ ዋጋ ውል ከተጣራው ቁጠባ 55 በመቶው የተቋራጩ ነው። መንግሥት ሐሳባችሁን ይገዛችኋል ማለት ነው። ንዑስ ተቋራጭ ከሆናችሁ ድርሻችሁ ከዋናው ተቋራጭ ጋር በምትዋዋሉት ላይ ስለሚመሠረት ቀድማችሁ አስጽፉት።

አሁን ስለ በር እናውራ። የጦር ሠፈር በር ማለቴ ነው። ስድስት ሠራተኛ በየጠዋቱ በፍተሻ አርባ አምስት ደቂቃ ቢቆም በቀን የአራት ሰዓት ተኩል የሰው ጉልበት ጠፋ። ደመወዙ ደግሞ በዴቪስ ቤከን ሕግ የተወሰነ ነው፤ በ1931 በወጣው በዚህ ሕግ መሠረት ከ2,000 ዶላር በላይ በሆነ የፌዴራል ግንባታ ላይ ለየሙያው ከተተመነው በታች መክፈል አይቻልም፤ የደመወዝ ዝርዝሩ በየሳምንቱ ተፈርሞ ይቀርባል። አርማታ የሚያመጣው መኪናም እዚያው በር ላይ ይቆማል። አርማታ ከተቀላቀለ በኋላ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ መራገፍ አለበት የሚለው የተለመደ ደንብ የጠባቂውን ወረፋ አያውቅም። መኪናው በሩ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሞ፣ መንገድ ላይ አርባ ደቂቃ ተጉዞ ከሆነ ለማራገፍ አሥር ደቂቃ ብቻ ይቀራል፤ አርማታው ሊመለስ ይችላል፤ ሒሳቡ የእናንተ ነው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ግሪን ካርድ ብቻውን አያስገባም፤ ዜግነት ይጠየቃል። ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት ይህን እዩ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ጎበዝ ባለሙያ ሆኖ ወረቀቱ ያልደረሰለት ሰው ብዙ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንድ ወንድም፣ ጨረታውን በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፎ በለውጥ ትእዛዝ፣ ማለትም ከውሉ በኋላ በሚታዘዝ የሥራ ለውጥ ክፍያ፣ ማካካስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ይህ ዘዴ ሌላ ቦታ የሠራለት ይኖራል። እዚህ ግን ለውጡን የሚከፍለው ያቺ አምስት በመቶ መጠባበቂያ ናት። እሷ ስታልቅ ገንዘቡ ከላይ እስኪፈቀድ ድረስ ሥራው ይጎተታል፤ የሠራተኛ ደመወዝ ግን ዓርብ ዓርብ ይከፈላል። መሬቱ በሰነዱ ከተገለጸው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለዚያ በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለ። መንግሥት የአፈሩን አደጋ ራሱ ይሸከማል፤ ተጫራቾች ሁሉ ለፍርሃት ብለው ዋጋ እንዳይቆልሉ ነው። የሚፈለግባችሁ ነገር ለየት ያለውን አፈር ሳትነኩ ወዲያው በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ቆፍራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብትናገሩ ማስረጃውን ራሳችሁ ጭናችሁ ደፍታችሁታል።

ሌላዋ እህት ስለ ጅቡቲ ጠየቀች፤ ቋንቋውንም አገሩንም እናውቃለን፣ እዚያ ያለውን ሥራ ለምን አንሞክርም አለች። ጥያቄው ጥሩ ነው። ካምፕ ለሞኒየ የቀድሞ የፈረንሳይ ሌጂዮን ሠፈር ነበር፤ አሜሪካውያን ከ2002 ጀምሮ አሉበት፤ በ2014 ኪራዩ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ለሃያ ዓመት ታድሷል። ቋሚ ግንባታው በዚያ ምክንያት በዝቷል፤ ለጅቡቲ ምርቶችና አገልግሎቶች ቅድሚያ የሚሰጥ ድንጋጌም ወጥቷል። የኢትዮጵያ ዕቃ የሚያልፍበት ወደብ ስለሆነ የመርከቡንና የከባድ መኪናውን ወረፋ የሚያውቅ ሰው ከእኛ መካከል አይጠፋም፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ነገር ግን በዚያ ሙቀት አርማታ የሚሞላው በአብዛኛው ሌሊት ነው፤ ከተሞላም በኋላ ለቀናት ውኃ መጠጣት አለበት። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ለአርማታውም ለፌሮውም ጠላት ነው። ስለዚህ የሲሚንቶውን ዋጋ ከማፈላለጋችሁ በፊት ንጹሑ ውኃ ከየት፣ በማን ወጪ እንደሚቀርብ በጽሑፍ ጠይቁ። የጥያቄ ማቅረቢያው ቀን ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት ያልፋል፤ ቀኑ ሰነዱ ላይ አለ፤ መልሱም ለሁሉም ተጫራቾች እኩል ይሰራጫል።